ለሰማይ የተገጠመ አምፖል

አጎቴ የሚኖሩት ከደብረ ብርሃን በስተሰሜን፣ ከመኪና ተወርዶ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር በሚያስኬድ መንደር ነው። ባለፈው ጥር ለሠርግ ስሄድ መንደሩ አንድ ወፍጮ ቤት ጨምሮ ጠበቀኝ፤ ወፍጮ ቤቱ ደግሞ አንድ አምፖል ይዞ መጥቷል። በባሕር ዛፍ ግንድ ጫፍ ላይ እርቃኑን የተንጠለጠለ፣ ዐይን የሚወጋ ነጭ አምፖል ነው። ማታ ሲበራ የወፍጮ ቤቱን ደጅ ብቻ አይደለም የሚያሳየው፤ የጎረቤቱ ዛፍ እስከ ጫፉ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው የአጎቴ የጭድ ክምር፣ አጥሩ፣ ሁሉም ኖራ የተቀባ ይመስላል።

«ዶሮዬን አሳበደብኝ» አሉኝ አጎቴ።

አውራ ዶሯቸው የሚያድረው ከክምሩ ጥግ ነው። አምፖሉ ከተሰቀለ ወዲህ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ መጮህ ጀመረ። ለቤተሰቡ መሳቂያ ሆኗል። እሳቸው ግን በዕድሜያቸው ሰዓት አስረው የማያውቁ፣ በዶሮ ጩኸት ተነሥተው ለኪዳን የሚገሰግሱ ሰው ናቸው። አንድ ሌሊት እንደ ልማዳቸው ጋቢያቸውን ተከናንበው ቢሄዱ የቤተ ክርስቲያኑ በር ዝግ ነው፤ ቅጽሩ ሥር ቁጭ ብለው በጥር ውርጭ ሲንቀጠቀጡ አደሩ።

ከሠርጉ ማግስት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ በቢላ ሰንጥቀው፣ ባለ ወፍጮውን አስፈቅደው፣ እኔን መሰላል አስይዘው አምፖሉን ከላይና ከጎን ከደኑት። ያን ማታ ክምሩ ጨለመ፣ ዛፉም ጨለመ። የወፍጮ ቤቱ ደጅ ግን ደመቀ እንጂ አልፈዘዘም፤ ወደ ላይና ወደ ጎን ይፈስ የነበረውን ብርሃን ቆርቆሮው ወደ መሬት መልሶታል። ባለ ወፍጮው ወጥቶ አየና፣ «ጋሼ፣ አምፖል ቀየሩልኝ እንዴ?» አላቸው። ዶሮው ደግሞ በሳምንቱ ወደ ልቡ እንደተመለሰ በስልክ ሰማሁ።

ሙያተኞች ለዚህ ነገር የብርሃን ብክለት የሚል ስም ሰጥተውታል። ለእኛ ጆሮ ስሙ ይጎረብጣል። ብርሃን እኛ ዘንድ ዕውቀት ነው፣ ትንሣኤ ነው፤ የምንወደውን ሰው «ዐይኔ በራ» ብለን ነው የምንቀበለው። ከብክለት ጋር አንድ ላይ ሲጠራ ስድብ ይመስላል። ትርጉሙ ግን አጎቴ ቆርቆሮ የቀደዱበት ጉዳይ ብቻ ነው፤ በማያስፈልግበት ቦታ፣ በማያስፈልግበት ሰዓት፣ ከሚያስፈልገው በላይ የሚፈስ የሰው ሠራሽ ብርሃን። ደግሞስ አማርኛ ነገሩን ሳያውቀው ቀርቷል? ማታ አምፖል እየዞረች ራሷን የምትጨርሰውን ነፍሳት የእሳት ራት ብለን የሰየምናት እኛው ነን። አምፖል ሳይታወቅ፣ በኩራዝና በምድጃ ዘመን።

የዓለሙን መጠን በቁጥር ላስቀምጠው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የዓለም የሌሊት ሰማይ ካርታ ከዓለም ሕዝብ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው በብርሃን በተበከለ ሰማይ ሥር እንደሚኖር፣ ከሦስት ሰው አንዱ ደግሞ ፍኖተ ሐሊብን ከሚኖርበት ቦታ ሆኖ ማየት እንደማይችል አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት ደግሞ ከ2011 እስከ 2022 ድረስ ተራ ሰዎች በዐይናቸው እያዩ የላኳቸውን ከ50 ሺህ በላይ መዝገቦች አገናዝቦ ሰማዩ በየዓመቱ በአማካይ 9.6 በመቶ እየነጣ መምጣቱን ደረሰበት። ይህ ማለት 250 ኮከብ በሚታይበት ቦታ የተወለደ ሕፃን 18 ዓመት ሲሞላው የሚቀሩለት 100 ያህል ናቸው። መዝገቦቹ በአብዛኛው የአውሮፓና የሰሜን አሜሪካ ናቸው፤ የእኛ ገጠር ቁጥሩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። አዲስ አበባ ላይ ግን ዛሬ ማንም ሰው ኮከብ ቆጣሪ መሆን ይችላል፤ የእጁ ጣቶች ይበቁታል። ኮከባቸው ገጠመ፣ ኮከባቸው አልገጠመም እያልን ስንቱን ትዳር የምንፈርድ ሰዎች፣ ኮከቡን ራሱን ቀና ብለን ካየን ስንት ጊዜያችን ነው?

በዚያው የሠርግ ሰሞን አንድ ማታ ከአጎቴ ቤት ጀርባ ወዳለው ጉብታ ወጣሁ። በሰሜን በኩል ሰማዩ እስከ አድማሱ ድረስ በከዋክብት ጢቅ ብሎ ሞልቷል። በደቡብ በኩል ግን አድማሱ ላይ የሞሰብ ክዳን የመሰለ ፈዛዛ ቅስት ተደፍቷል፤ ደብረ ብርሃን ናት። ፋብሪካዎቿ፣ አዳዲስ መንገዶቿ፣ ማደያዎቿ ናቸው። የከተማዋ ስም ከየት እንደመጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ፈገግ ያሰኛል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ በዚያ ቦታ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተሙበትም፤ ስሙም ደብረ ብርሃን ሆነ። የታየው ብርሃን በ1448 ዓ.ም. ያለፈው ሃሌይ የተባለው ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ጅራታሙ ኮከብ በየ76 ዓመቱ ገደማ ይመለሳል፤ ቀጣዩ እ.ኤ.አ. በ2061 ነው። የዚያን ጊዜ የደብረ ብርሃን ልጅ የከተማውን ስም ያወጣውን ብርሃን ከከተማው መሐል ሆኖ ያየው ይሆን?

የአንድ ከተማ መብራት ይህን ያህል ርቆ የሚታየው ለምንድን ነው ለሚል፣ ጥፋቱ ከአምፖሉ አቀማመጥ ይጀምራል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ ብርሃን አየሩን ቶሎ ሰንጥቆ ያልፋል። አስቸጋሪው ወደ ጎን፣ ከአድማስ ትንሽ ከፍ ብሎ የሚወረወረው ነው፤ ብዙ ኪሎ ሜትር በአየር ውስጥ ይጓዛል፣ በየመንገዱ በአቧራና በአየር ቅንጣት እየተበተነ ወደ ምድር ይመለሳል። ያን ነጭ ቅስት የሚሠራው እሱ ነው። ሁለተኛው ጥፋት ቀለሙ ነው። ቀን ሰማዩ ሰማያዊ የሚሆንበት ምክንያትና ሌሊት ሰማዩ የሚነጣበት ምክንያት አንድ ነው፤ ሰማያዊ ብርሃን በአየር ውስጥ ከቀዩ ከአራት እጥፍ በላይ ይበተናል። ካርቶኑ ላይ 6,500 ኬልቪን የሚል የተጻፈበት ነጭ አምፖል ሰማያዊው የበዛበት ነው፤ 2,700 ወይም 3,000 የሚለው ቢጫ ነው። በየሱቁ የሚደረደረው በብዛት ነጩ ነው፤ ይደምቃል ተብሎ ይወደዳል፤ እኔም ለቤቴ ስንት ዓመት እሱኑ ስገዛ ኖሬያለሁ።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊቆጣኝ መብት አለው። ጨለማን የሚናፍቅ ከተሜ ምን ያህል እንደሚያናድድ ከአጎቴ ሚስት የበለጠ የሚያውቅ የለም። አክስቴ ልጆቻቸውን በኩራዝ ጭስ አሳድገዋል፤ ሦስተኛውን የወለዱት አዋላጇ በአፏ ባትሪ ይዛ ነው። ጨለማ ለእሳቸው ጅብ ነው፣ ሌባ ነው፣ ገደል ነው። ከሀገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ዛሬም መብራት የለውም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም 65 በመቶውን ሕዝብ ከዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ ባሉ አማራጮች፣ በተለይ በፀሐይ ኃይል፣ ለማዳረስ ያቀደ ነበር። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መብራት ወደ ገጠር መግባት አለበት፤ በዚህ ላይ የምከራከረው ነገር የለኝም።

ክርክሬ አምፖሉ ወዴት ይመልከት በሚለው ላይ ነው። አክስቴን ስለ ወፍጮ ቤቱ መብራት ብጠይቃቸው ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። «ከሥሩ ስቆም ከአጥሩ ማዶ ጅብ ይቁም በሬ አላይም። ዐይኔን ያጠፋዋል» አሉ። ትክክል ናቸው። የሰው ዐይን ጨለማን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ እርቃኑን የተሰቀለ አምፖል በአንድ ጊዜ ያን ሁሉ ያፈርሳል። ከአምፖሉ አጠገብ ያለው ይንቦገቦጋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ከበፊቱ የባሰ ይጠቁራል፤ ሌባም ቢሆን የሚመርጠው ያንን ጥቁር ድንበር ነው። ቆርቆሮው ከተደፋበት በኋላ አክስቴ አጥሩን አሻግረው ማየት ቻሉ። በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት ላይ ደግሞ ሒሳቡ ይብሳል። ባትሪው ቀን ያጠራቀመው የተወሰነ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ወደ ሰማይ የሚሄደው ድርሻ ከንጋት በፊት መብራቱ የሚሞትበትን ሰዓት ያፋጥናል። ወደ ታች የተደፋ መብራት በአነስተኛ አምፖል ያንኑ ደጅ ያበራል፤ የተረፈው ለሌላው ሌሊት ይቆያል።

ሰማዩን ትቼ ምድሩን ልመልከት። የእሳት ራት የሚለው ስም እንደሚነግረን፣ ሌሊት የሚዞሩ ነፍሳት መብራት ላይ ያልቃሉ፤ እነሱ ሲያልቁ አበባው ሳይጎበኝ ያድራል። እ.ኤ.አ. በ2017 ኔቸር በተባለው መጽሔት በወጣ የስዊዘርላንድ ጥናት፣ ተመራማሪዎች በጨለማ ሜዳ ላይ የመንገድ መብራት ተክለው ቢያወዳድሩ የሌሊት ነፍሳት ወደ አበባ የሚያደርጉት ጉብኝት በመብራቱ ሥር በ62 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ያ በአውሮፓ ተራራ ሥር ነው፤ የእኛ አተርና ባቄላ ምን እንደሚሆን ከዚያ ተነሥቶ መናገር አይቻልም። ክረምት ሲገባ ግን አንድ የመንደር አምፖል ሥር በማለዳ የሚጠረገውን የክንፍ ክምር ያየ ሰው ነገሩን ያለ ጥናትም ይገምተዋል። ስምጥ ሸለቆው ደግሞ ከአውሮፓና ከእስያ ለሚመጡ አእዋፍ ዋና መንገድ ነው፤ ከእነሱ ብዙዎቹ ትናንሽ ወፎች የሚበሩት ሌሊት፣ ከዋክብትን እንደ አቅጣጫ ምልክት እያዩ ነው።

በሰማይ የሚመራው ወፍ ብቻ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ አስመሮም ለገሠ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተሙት የገዳ ሥርዓት መጽሐፋቸው የቦረና አያንቱዎችን የዘመን አቆጣጠር በዝርዝር መዝግበዋል። አያንቱው ወረቀት የለውም፣ መነጽር የለውም፤ ጨረቃ ከተወሰኑ ከዋክብት ጋር የምትገናኝበትን ሌሊት በዐይኑ አይቶ ወርና ዕለት ይናገራል። ከከዋክብቱ አንዱ በሳ ነው፤ ሲሪየስ የሚባለው፣ ከከዋክብት ሁሉ ደማቁ። እሱን ምንም ዓይነት መብራት አያጠፋውም። ነገር ግን የዓመቱ መባቻ የሚለየው በለሚ ነው፤ ለሚ ደግሞ ሦስት ማዕዘን የሠሩ ፈዛዛ ከዋክብት ናቸው፤ ትልቅ ከተማ ውስጥ ቶሎ ከሚጠፉት ወገን ናቸው። የቦረናዎቹ ያቤሎና ሜጋ ትልቅ ከተማ መሆናቸው አይቀርም፤ ይሁኑም። ነገር ግን በየደጁ እርቃን አምፖል ቢሰቀል አያንቱው በመጀመሪያ የሚያጣው አዲስ ዓመቱን ነው። በሌላ በኩል የረመዳንን ጨረቃ ለማየት በየዓመቱ በምዕራብ አድማስ ላይ ዐይኑን የሚተክል ሰው ቀጭኗን ጨረቃ በመብራት ቅስት ውስጥ መፈለግ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ያውቃል።

ሰማይ በማየት ሳይንስ ውስጥም ገብተናል። የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ በ1996 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ2007 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ሥራ ጀመሩ። ከፍታው ግሩም ነው። ችግሩ ከሥሩ የተኛችው ከተማ ናት። ከዚያ ወዲህ አዲስ አበባ ጎንና ጎኗን ዘርግታለች፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ መንገዱ፣ ሕንፃው፣ ዛፉ ሳይቀር በመብራት ተሸፍኗል። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በማታ በእግር መሄድ እኔም እወዳለሁ፤ ልጆች ሲሯሯጡ፣ ሽማግሌዎች ሲቀመጡ ደስ ይላል። ሰው እግሩ ሥር የሚያየው መብራት ደግ ነው። ከሥር ወደ ግድግዳ፣ ከግድግዳ ወደ ደመና የሚረጨውን ግን ማን ያየዋል? ይህን ማስዋቢያ የክልል ከተሞች ሁሉ እየቀዱት ነው፤ የገጠር ኮሪደርም መጥቷል። ሲቀዳ ቆብ አልባው አምፖልም አብሮ ይቀዳል።

ቴሌስኮፖቹ ገና ሥራ ሲጀምሩ፣ ቀጣዩና የበለጠው የምርምር ጣቢያ ከከተማ መብራት ርቆ በላሊበላ አካባቢ ባሉት ተራሮች እንደሚሠራ ሲነገር ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ፀሐይ በቀለበት መልክ ስትጋረድ ያቺው ላሊበላ ቀለበቱ በሚታይበት መስመር ላይ ነበረች፤ ሰማይ ማየት ለዚያ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት 100ኛ ዓመቱን ሲያከብር ለኢትዮጵያ የደረሳትን ኮከብ ቡና፣ በዙሪያዋ የምትዞረውን ፕላኔት አቦል ብለን ሰይመናታል። ቶናና በረካው ገና ናቸው። ቡና አንድሮሜዳ በተባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ናት፤ በባዶ ዐይን አትታይም፤ ጨለማ ካለ ግን በተራ የእጅ መነጽር ትገኛለች። ለዚያ ደግሞ የላሊበላ ተራሮች ይሻላሉ እንጂ እንጦጦ አይሆንም። እዚያ ተራራ ሥር ያሉ ከተሞችና መንደሮች መብራታቸውን እንዴት እንደሚተክሉ ከአሁኑ ካልተወሰነ፣ ቴሌስኮፑ በደረሰ ጊዜ ከሥሩ ሌላ ሸገር ይጠብቀዋል።

ሌላው ዓለም በዚህ መንገድ ሄዶበታል። በአሜሪካ አሪዞና ፍላግስታፍ የምትባል ከተማ፣ ፕሉቶ የተገኘባትን የሎዌል የምርምር ጣቢያ ለመጠበቅ ብላ እ.ኤ.አ. በ1958 ወደ ሰማይ የሚወረወሩ የማስታወቂያ መብራቶችን ከለከለች፤ ዛሬም ነዋሪዋ በብርሃን ነው የሚሄደው፤ ልዩነቱ መብራቱ መንገዱ ላይ መውደቁ ነው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የሱቅ መስኮትና የሕንፃ ፊት መብራቶች ከሌሊቱ 7 ሰዓት በፊት እንዲጠፉ ደነገገች፤ በ2018 ደግሞ የመንገድ መብራቶችን ቀለም ገደበች። ለእኛ የሚቀርበው ግን ደቡብ አፍሪካ ነው። ትልቁ ቴሌስኮፗ እ.ኤ.አ. በ2005 የተመረቀው ሰዘርላንድ በምትባል ትንሽ የካሩ ገጠር ከተማ አጠገብ ነው፤ በ2007 ለዚህ ብቻ የሚያገለግል ሕግ አወጣች፤ ዛሬ ሰው ሰማይ ለማየት ብሎ ወደዚያ ብርዳም ሜዳ ይጎርፋል፤ ማደሪያው፣ ምግብ ቤቱ ከዚያ ይኖራል። በናሚቢያ የናሚብራንድ ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2012 በአፍሪካ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ጥብቅ ቦታ ተብሎ ዕውቅና አገኘ። እነዚህ የበረሃና የምድረ በዳ አገሮች ናቸው፤ እኛ ጋ ሰው ያልሰፈረበት ደጋ ማግኘት ስለሚያዳግት አጥሮ መጠበቅ አይሆንልንም። መንደሩን ከነሰዉ፣ ከነመብራቱ ነው መያዝ ያለብን።

«መጀመሪያ መብራት ይግባ፣ ስለ ኮከቡ በኋላ እንነጋገራለን» የሚል መልስ በተደጋጋሚ ሰምቻለሁ። ይህ መልስ ችኮላውን እንጂ ሒሳቡን አያውቅም። የመንገድ መብራት ካርቶኑ ላይ 50 ሺህ ሰዓት ያገለግላል ተብሎ ይጻፋል፤ ሌሊቱን ሙሉ፣ 12 ሰዓት ቢበራ ከ11 ዓመት በላይ ነው። ዛሬ በተሳሳተ መንገድ የተሰቀለ መብራት ዛሬ አንደኛ ክፍል የገባው ልጅ ተማሪ ቤት እስኪጨርስ እዚያው ተሰቅሎ ይኖራል። በኋላ መቀየር ግንዱን እንደገና መውጣት፣ ዕቃውን እንደገና መግዛት ነው። አሁን ግን የሚያስፈልገው አንድ የወረዳ ጨረታ ሰነድ ላይ የምትጨመር አንዲት አንቀጽ ናት፤ መብራቱ ከአግድም መስመር በላይ ምንም አያብራ፣ ከ3,000 ኬልቪን አይለፍ፣ ገበያውና ቤተ እምነቱ ጸጥ ሲል በግማሽ ይፍዘዝ። ዋጋው ብዙም አይለወጥም። ለፈተናውም መሣሪያ አያስፈልግም፤ ከ200 ሜትር ርቀት ቆሞ መንገዱ ሲታይ አምፖሉ ራሱ ካልታየ ሥራው ልክ ነው።

ባለፈው ወር አጎቴ ደወሉ። ቆርቆሮው ዝጓል፣ በንፋስ ይንኳኳል፣ ባለ ወፍጮውን እንቅልፍ ነስቶታል። «ከዚያ ከተማችሁ ደህና የተሠራ ካለ አምጣልኝ፣ ልጄ» አሉኝ። መርካቶ ውስጥ ከአንዱ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ወደ ሌላው ዞርኩ፤ ነጭ አምፖል በየመደርደሪያው፣ ባለ ቀለም የሚበራ የሚጠፋ እንደ ጉድ፤ ከላይ የተደፈነ የውጭ መብራት የለም። በመጨረሻ ምናለሽ ተራ ገባሁና ቆርቆሮ ከሚቀጠቅጡት አንዱ ጋ ቆምኩ። የምፈልገውን በእጄ አሳየሁት፤ ባርኔጣ ዓይነት፣ ጎኑ ረዘም ያለ።

«ለዝናብ ነው?» አለኝ።

«አይ፣ ለሰማዩ ነው።»

አንድ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና መዶሻውን አነሣ። ለሁለቱ እንዲቀንስልኝ ተከራከርን፤ አንዱ ለወፍጮ ቤቱ፣ አንዱ በዚሁ ሰሞን መብራት ይገባለታል ለተባለው ለቤተ ክርስቲያኑ በር።